የባልዲው ቦታ

ማክሰኞ ነበር፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ። ይህን አጥርቼ የማውቀው በዚያች ቅጽበት የግድግዳውን ሰዓት ትክ ብዬ እያየሁት ስለነበር ነው። ረጅሙ ቆጣሪ ሦስት ቁጥር ላይ ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሰዓት ማንበብ ከተማርኩ ገና አራት ወር አልሞላኝም ነበር። አዲስ ጫማ እንደተገዛለት ልጅ፣ ያወቅኩትን ለሰው ሳላሳይ መዋል አይሆንልኝም ነበር። ማንም ሳይጠይቀኝ “ሦስት ሰዓት ከሃያ ሆነ”፣ “ለሰባት አምስት ጉዳይ ነው” እያልኩ እናቴን ከሥራዋ፣ አባቴን ከሐሳቡ አናጥባቸዋለሁ። አባቴ “ሰዓት ነጋሪዋ” የሚል ስም አውጥቶልኝ ነበር።

በዚያ ማክሰኞ ግን ሰዓት መናገር የሚያስፈልግበት ጊዜ መጣና ዝም አልኩ።

አጎቴን ባለፈው ወር ቀበርነው። ከቀብር መልስ እናቴ አንድ ነገር ነገረችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ የዘይት ቤት ሽታው ሳይቀር ተመልሶ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቷል።

አባቴ ዘይት ጨማቂ ነበር። ከመኖሪያ ቤታችን ጀርባ፣ አንዲት በርና አንዲት መስኮት ብቻ ባሉት ሰፊ ክፍል መሐል፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ ትልቅ ሙቀጫ ተተክሏል። ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ውስጡ ዘነዘና አለ፤ ዘነዘናው ከረጅም አግዳሚ ጋር ታስሯል፤ አግዳሚውን ፈረስ ትጎትታለች። ፈረሷ ሙቀጫውን ስትዞረው ዘነዘናው ሰሊጡን እያሸ ይጨፈልቀዋል። ዘይቱ ከታች ባለች ቀዳዳ ወደ ጣሳ ይንጠባጠባል። የተጨመቀውን ተረፍ፣ ፋጉሎውን፣ ከብት አርቢዎች ይወስዱታል። የእንጨቱ ሲጥሲጥታ ከጠዋት እስከ ማታ አይቋረጥም፤ እዚያ ቤት ውስጥ ሰው የሚነጋገረው እየጮኸ ነው። ወለሉ ድንጋይ ነበር፤ የስንት ዓመት ዘይት ጠጥቶ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ፈረሷ እንዳትንሸራተት ጠዋት ጠዋት ከጎረቤታችን ከአናጢው ዘንድ ሰጋቱራ እያመጣሁ መንገዷ ላይ መበተን የእኔ ሥራ ነበር።

ሙቀጫውን የሚያሠራው አጎቴ ነው፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም። እናቴ “ጋሼ” ስለምትለው አባቴም፣ እኔም፣ አናጢውም፣ ሰሊጥ የሚያመጡት ነጋዴዎችም ጋሼ ነበር የምንለው። ትዳር አልነበረውም። ዘይት ቤቱ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ያድራል፤ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ፈረሷን ይቦርሻል፣ ይጠምዳል፣ ዓይኗን በቆዳ ይሸፍናል፤ ከዚያ ሰሊጡን በዱላ እያማሰለ ሙቀጫው አጠገብ ይውላል። አናጢው አንዳንዴ በበሩ ብቅ ብሎ፣

“ጋሼ! ዛሬስ ስንት አገር አቆራረጣችሁ?” ይለዋል።

“የዓለምን ግማሽ ጨርሰናል። ነገ እንመለሳለን።”

“ስትመለሱ ለእኔ ምን ይዛችሁልኝ ትመጣላችሁ?”

“ፋጉሎ!”

ፈረሷ ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ቦራ ነበር ስሟ። ሰባት ዓመት ሲሆነኝ አባቴ “ከእንግዲህ መኖዋና ውሃዋ ያንቺ ነው፤ እንስሳ ያሳደገ ልጅ ሰው ይሆናል” ብሎ ለአጎቴ አስረከበኝ። በመጀመሪያው ቀን፣ ቦራ ተጠምዳ ዓይኗ እንደተሸፈነ፣ ከኋላዋ መጥቼ ጎኗን ዳሰስኳት። ዘልላ ስትነሳ አግዳሚው ተንጓጓ፤ እኔም በቂጤ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

አጎቴ አልሳቀም። “ሳትናገሪ ትነኪያለሽ?”

“ልዳብሳት ብዬ ነው።”

“እሷ በምን ታውቃለች? ዓይኗ የተሸፈነ ፍጥረት እንዲሁ አይነካም። መጀመሪያ ድምፅሽን ታሰሚያታለሽ፤ ከዚያ እጅሽን።”

“ምን ልበላት?”

“ያሻሽን። ስድብም ቢሆን ትለምደዋለች። ብቻ ድምፅሽ ከእጅሽ ይቅደም።”

“ለምን ትሸፍናታለህ ግን?”

ዱላውን ሙቀጫው ጠርዝ ላይ አሳርፎ ትንሽ አሰበ። “ዓይኗ ቢገለጥማ ቀኑን ሙሉ ሄዳ የትም እንዳልደረሰች ታያለች። ራሷም ይዞርባታል። አሁን ግን ረጅም መንገድ የምትሄድ ይመስላታል።”

ስለ ራስ ማዞሩ የተናገረውን አልሰማሁም፤ ወይም መስማት አልፈለግሁም። ጆሮዬ የያዘው ማታለሉን ብቻ ነበር። ይህ ሰው ፈረሷን እያሞኛት ነው አልኩ በልቤ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቦራንና እኔን በአንድ ወገን፣ እሱን በሌላ ወገን አሰለፍኩ። እሷ የምትበደል ነበረች፤ እኔ የማዝንላት። ማዘን እንዴት ደስ እንደሚል ልጅ የነበረ ሰው ያውቀዋል።

ሁለተኛው ትእዛዙ ነገር ሁሉ ከቦታው እንዳይነቃነቅ ነው። መጥረጊያው ከበሩ ጀርባ፣ የሰሊጡ ከረጢት ከመስኮቱ ሥር፣ ባልዲው ከምሰሶው በስተግራ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ። አንድ ጠዋት ባልዲውን ሁለት ስንዝር ያህል ወዲህ አድርጌ አስቀመጥኩት። አጎቴ ሲያልፍ በእግሩ መታው፤ ውሃው ሱሪው ላይ ተደፋ። እንደዚያ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም።

“ቦታው የት ነው? የት ነው የባልዲው ቦታ?”

“ከምሰሶው በስተግራ።”

“ታዲያ ምን ሊሠራ እዚህ መጣ? ፈረሷን ልትሰብሪያት ነው? ዓይን የላትም እኮ! የሚያይ ሰው ለማያይ መንገድ መጥረግ አለበት። ይህን ካልተማርሽ ከእንስሳ ጋር የሚያውልሽ የለም፤ እቤት ግቢና አሻንጉሊት አጫውቺ።”

አለቀስኩ። ከሰዓት በኋላ ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ፤ አልተቀበልኩትም፤ ከረጢቱ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። ሲሄድ ጠብቄ በላሁት።

ባልዲው ይቀመጥ የነበረው ከፈረሷ መንገድ ውጭ ነው። ሁለት ስንዝር አይደለም፣ አንድ እርምጃም ቢነሳ ቦራን አይደርስባትም ነበር። የሚደርስበት አጎቴ ከክፍሉ ወጥቶ ወደ ሙቀጫው በሚሄድበት መስመር ላይ ነው። ይህን ለማስተዋል ሃያ ዓመት ፈጀብኝ፤ ያውም ተቀምጬ አስቤው አይደለም፤ አንድ ቀን የገዛ ቤቴን ወለል ስወለውል ባልዲ አንስቼ ሳስቀምጥ ድንገት መጣልኝ።

በተረፈ ግን የምወደው ነገር ነበረው። ሥራ ያዘኛል። “መርፌዋ ላይ ክር አስገቢልኝ፤ ጣቴ ወፍራም ነው።” “ከሰሊጡ ውስጥ ጠጠር ልቀሚ።” “ኮቴዋ ሥር የተሰነቀረ ነገር ካለ እዪልኝ።” ሰዓት ማንበብ ስማርማ የእኛ ነገር ጨዋታ ሆነ። የግድግዳው ሰዓት ከበሩ በላይ ተሰቅሏል። እሱ ከሥሩ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ሰዓቱ ቀና አድርጎ፣

“እስቲ አስተማሪዬ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?” ይለኛል።

“ለስምንት ሩብ ጉዳይ!”

“ጎበዝ!”

የሚፈትነኝ ይመስለኝ ነበር። ጎበዝ ባለኝ ቁጥር ደረቴ ይነፋል።

አንድ ቀን እኔም ልፈትነው አልኩ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሲጠይቀኝ “ዘጠኝ ተኩል” አልኩት። “ውሸታም” ይለኛል ብዬ ሳቄን በእጄ አፍኜ ጠበቅሁ። እሱ ግን ወደ መስኮቱ ዞር አለ፣ ትንሽ ቆመ። “ዛሬ ቀኑ እንዴት ሮጠ?” አለና ቦራን ፈቶ ማሳረፍ ጀመረ። የምታርፈው ዘጠኝ ተኩል ላይ ነበር።

ያን ቀን ትልቅ ነገር ያገኘሁ መሰለኝ። ማታ ራት ላይ ተሰብስበን ሳለ አወጣሁት።

“ጋሼ ሰዓት ማንበብ አይችልም!”

አባቴ የጎረሰው እስኪያንቀው ሳቀ። “ምን አልሽ?”

“እውነቴን ነው! ውሸት ስነግረው አመነኝ። ከሰዓቱ ሥር ቆሞ!”

“ጋሼ! በዚህ ዕድሜ አንደኛ ክፍል ልናስገባህ ነው?”

አጎቴም ሳቀ። “ምን ቸገረኝ። አስተማሪ ቤቴ ድረስ ይመጣልኛል።”

እናቴ አልሳቀችም። አባቴ ገና እየበላ ሳለ ሳህኑን አነሳችበት። “ኧረ ሴትዮ፣ አልጨረስኩም!” ሲላት መልሳ አስቀመጠችው። የጨረሰ መስሏት ይሆናል አልኩ።

ከዚያ በሳምንቱ ይመስለኛል፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴና አጎቴ ጓዳ ውስጥ በዝግታ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ልጅ ሰው በዝግታ ሲናገር ጆሮው ይከፈታል።

“ሐኪሙ ምን አለ?” ትላለች እናቴ።

“ያው ነው። ሥራው ይቁም ነው የሚለው።”

“ታዲያ ለምን አይቆምም? አንድ ቀን አደጋ ይመጣል እኮ።”

“ቆሞ ምን ይኮናል? ባልሽ ቀለብ ይስፈርልኝ? ጎተራ ጥግ ተቀምጬ ዝንብ ላባርር?”

“እሱ እንደሆነ እንዲህ ያለ ሰው አይደለም። ልንገረው።”

“እኅቴ፣ በእናታችን ይዤሻለሁ! እስክችል ድረስ ተይኝ።”

እኔ የማውቀው ሐኪም አንድ ብቻ ነበር፤ ግቢያችን መጥቶ የቦራን ጥርስና ኮቴ የሚያየው የእንስሳት ሐኪም። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ቦራ ታማለች፤ ሐኪሙ ከሥራ ትረፍ ብሏል፤ አጎቴ ደግሞ ለአባቴ ደብቆ በሕመሟ ላይ ያሠራታል። እናቴም ተባባሪ ናት። እኔ ብቻ ቀረሁላት።

ቦራ አንድም ቀን አልታመመችም ነበር። እንዲያውም እንደዚያ ጤነኛ ፈረስ የለም ይላል አናጢው እስከ ዛሬ ድረስ።

ማክሰኞ ዕለት ሙቀቱ የጉድ ነበር። አባቴ ከጠዋት ጀምሮ ዘይት ሊያደርስ ወጥቷል። ከትምህርት ቤት እንደመጣሁ ጥጌን ይዤ ጠጠር እለቅማለሁ። የቦራ ጎን በላብ ጠቁሯል፤ የአንገቷ ሥር አረፋ ይዟል።

“ጋሼ፣ ውሃ ልስጣት?”

“አሁን አይሆንም። ላቧ ይድረቅ።”

“ጠምቷታል እኮ!”

“ጥም አይገድላትም። በላብ ላይ የተጠጣ ውሃ ግን ሆዷን ይይዛታል። ትንሽ ቆይተን እንፈታታለን፤ ቀዝቀዝ ስትል አንቺው ታጠጫታለሽ።”

“አንተ ግን ቅድም ጠጣህ!”

“እኔ ምኔ ፈረስ ነው?” ብሎ ሳቀ። ሳቁ አናደደኝ።

ባልዲው ከምሰሶው በስተግራ ሙሉውን ተቀምጧል። አነሳሁት። አጎቴ ዱላውን ሙቀጫው ውስጥ እያዞረ ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ ቆሟል። በሁለት እጄ አንጠልጥዬ በፊቱ አለፍኩ፤ ከእሱ እስከ እኔ ሦስት እርምጃ አይሞላም። ይጮኽብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ምንም አላለም። ወደ እኔ እያየ ዱላውን ማዞሩን ቀጠለ።

ፈቀደልኝ ማለት ነው አልኩ። አፉ ከልክሎ ልቡ አዘነላት። ከሙቀጫው ማዶ፣ ብርሃን በማይደርስበት በኩል፣ ባልዲውን የቦራ መንገድ ላይ አስቀምጬ ወደ ጥጌ ተመለስኩ። የውሃው ሽታ ሲደርሳት ቆም ብላ የምትጠጣ ነበር የመሰለኝ።

ሽታው ደረሳት። ግን አልቆመችም፤ ፈጠነች። አንገቷን ዘርግታ ወደ ውሃው ስትጣደፍ የፊት እግሯ ባልዲው ውስጥ ገባ። የቆርቆሮው ድምፅ አስደነበራት። እግሯን ስትነጥቅ ውሃው ድንጋዩ ላይ ተዘረገፈ፤ የበተንኩትን ሰጋቱራ ጠርጎ ወሰደው፤ ቦራም ተንሸራተተች። ስትወድቅ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። አግዳሚው የተሰበረ መስሎኝ አየሁት። አግዳሚው ደህና ነበር።

አጎቴ ዱላውን ጥሎ ወደ ድምፁ ሮጠ። ባልዲው ተንከባሎ ከፊቱ መጣ፤ እያየሁ፣ በቀጥታ ሄዶ ረገጠው። በግንባሩ ተደፋ። ቆቡ ወደቀ። ሳይነሳ፣ በጉልበቱ እየዳኸ፣ እርጥቡን ወለል በመዳፉ እየዳበሰ ወደ ፈረሷ ሄደ።

“አለሁ፣ ቦራ። አለሁ። እኔ ነኝ፤ መጣሁ” ይላታል።

በዚያ ሁሉ መሐል ድምፁን ከእጁ አስቀደመ። ከዚያ አንገቷን ያዘ፤ የዓይኗን መሸፈኛ ፈታላት። የቦራን ዓይን በሥራ ሰዓት ያየሁት ያኔ ነው። እኔን ነበር የምታየው።

አናጢው ድምፁን ሰምቶ እየሮጠ ገባ። ወዲያው አባቴም ደረሰ፤ ጭነቱን ያራገፈበት ጆንያ ገና ትከሻው ላይ ነበር። የቦራን እግር አየ፤ ጆንያው ወደቀ።

“ምንድን ነው የተፈጠረው? ባልዲውን ማን ነው መንገዷ ላይ ያስቀመጠው?”

ጆሮዬ ጋለ። አጎቴ አሁን ይናገራል አልኩ፤ አይቶኛል እኮ። ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅሁ።

“እኔ ነኝ” አለ አጎቴ።

“አንተ?”

“አጠጣታለሁ ብዬ አምጥቼ ዘነጋሁት።”

“ባልዲ ከፊትህ ተገትሮ አታየውም? አንተ ነህ እኮ ገለባ ወደቀ ብለህ የምትቆጣው!”

አጎቴ ቆቡን እየፈለገ ነበር። ቆቡ ከጉልበቱ አንድ ክንድ ርቆ ወድቋል፤ እጁ ግን በሌላ በኩል ወለሉን ይዳብሳል። አናጢው አየና አንገቱን ደፋ። አባቴም አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

“ስንት ሰዓት ነው?” አለው።

“ምን?”

“ሰዓቱ። ከበሩ በላይ ያለው። ስንት ይላል?”

ጥያቄው ከየት እንደመጣለት አውቃለሁ። ከራት ገበታችን ላይ፣ ከእኔ አፍ ነው የመጣው።

አጎቴ ፊቱን ወደ በሩ ቀና አደረገ። የሰዓቱን ቦታ አልሳተም። ትንሽ ቆየና፣ ቀስ ብሎ፣ ጠጠር ወደምለቅምበት ጥግ ዞር አለ። እንደ ሁልጊዜው ጠበቀኝ።

አሥር ሰዓት ከሩብ ነበር። ረጅሙ ቆጣሪ ሦስት ላይ። እንደዚያ አጥርቼ ያየሁት ሰዓት የለም። ነገር ግን አፌን ከከፈትኩ ሰዓቱ ብቻ አይደለም የሚወጣው፤ ባልዲውም ተከትሎት ይወጣል። ከንፈሬን ነከስኩ። ብመልስም አባቴ “አንቺን አልጠየቅኩም” ሊለኝ ይችል ነበር፤ ምንም ላይለወጥ ይችል ነበር። ብዙ ዓመት በዚህ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። የሚያጽናና አይደለም። እሱ እኮ የፈለገው አባቴን ማሳመን ላይሆን ይችላል። ምናልባት ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል አንድ ሰው ከእሱ ጋር መሆኑን ማወቅ ብቻ ይሆናል የፈለገው።

“ዘጠኝ ተኩል ይሆናል” አለ በመጨረሻ።

አባቴ ከረጢቱ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። “ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“አንደኛው ዓይኔ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው። ሁለተኛው ከባለፈው ዓመት ወዲህ።”

“አራት ዓመት! አራት ዓመት ሙሉ እጅህን እዚህ ዘነዘና ሥር ስታስገባ! እጅህን ቢያደቅቀውስ? ልጄን አጠገብህ አስቀምጬ! ለምን አልነገርከኝም?”

አጎቴ የቦራን ጋማ እያሻሸ፣ “ብነግርህ ምን እሠራ ነበር?” አለው።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ግን “ጋሼ” አላለውም፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን እስኪለያዩ ድረስ ስም ሳይጠራ ነው ያናገረው። እናቴንም ሳምንት ያህል አላነጋገራትም። የደበቁት እሱን ስለናቁ መስሎት ነበር።

የእንስሳት ሐኪሙ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጣ። አናጢው እጄን ይዞ ወደ ቤቱ ወሰደኝና አንድ ጣውላና የብርጭቆ ወረቀት ሰጠኝ። “በርትተሽ እሺው” አለኝ። አሸሁት። የማይሻክር እስኪሆን አሸሁት። ስመለስ ዘይት ቤቱ ባዶ ነበር፤ አንድ ሰው ወለሉን አጥቦ አዲስ ሰጋቱራ በትኖበታል። ባልዲው ከምሰሶው በስተግራ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ተቀምጧል።

አጎቴ ቅዳሜ ጠዋት ሄደ። ሌላ ከተማ ያለችው እኅታቸው ዘንድ ነበር የሚሄደው። ሻንጣውን ይዞ ግቢው መሐል ቆመ።

“ልጅቷስ?” አለ።

“እንጃ፤ የት እንደሄደች” አለች እናቴ። አንገቷን አዙራ በመስኮት አባቴን እየተጣራች ስለነበር አላየችኝም።

እኔ ከፊቱ ነበርኩ። ከእሱ ስድስት እርምጃ ርቄ የዘይት ቤቱን በር ተደግፌያለሁ። ፊቱ ወደ እኔ ነው። ዝም ካልኩ እንደማያየኝ ያኔ አውቄ ነበር፤ ትንፋሼን ዋጥኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ የተማርኩትን ዕውቀት ለዚህ አዋልኩት። ከዚያ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ዓይኗ ለተሸፈነች ፈረስ ድምፄን ሳላሰማ ቀርቤያት አላውቅም፤ ቀለቧን ሳልሰጥ በልቼ አላውቅም፤ መንገዷ ላይ ገለባ ትቼ አላውቅም። ሰው እንደ ፈረስ ሊታዘንለት እንደሚገባ ግን አልገባኝም ነበር።

“ደህና ሁኚ በይልኝ” አለ ፊቱን ወደ እኔ እንዳደረገ፤ ሄደ።

ባለፈው ወር ከቀብር ስንመለስ እናቴ መኪናው ውስጥ እጄን ይዛ ነበር። እሷም አርጅታለች። ድንገት፣

“ያን ጊዜ ሊሄድ ሲል ምን አለኝ መሰለሽ?” አለችኝ። “‘ባልዲውን ማንም እንዳይጠይቃት፤ ልጅ ናት፤ አዝናላት ነው’ አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። አንቺም እንዳትነግሪኝ።”

አልነገርኳትም። እዚህ ነው የምናገረው።

አባቴ በዓመቱ ሞተር ገዛ፤ ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት ፈረስ ገብቶ አያውቅም። አጎቴ ከዚያ በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖረ። የወንበር መቀመጫ በገመድ እየሠራ ራሱን ቻለ፤ ሥራው የተመሰገነ ነበር። ካደግሁ በኋላ በየዓመቱ እየሄድኩ እጠይቀው ነበር። ገና ከበር ሆኜ “ጋሼ፣ እኔ ነኝ” እለዋለሁ፤ ከዚያ ነው እጁን የምይዘው። አንድ ጊዜ “ጋሼ፣ ያን ቀን ባልዲውን…” ብዬ ስጀምር “ቦራ ጎበዝ ፈረስ ነበረች” ብሎ ወሬውን ወደ ገመድ አዞረው።

ሰዓት መጠየቅ ይወድ ነበር። ገመድ ሻጩን ይጠይቃል፣ ጎረቤቶቹን ይጠይቃል፣ በመንገድ የሚያልፈውን ይጠይቃል። ልጆቼን ይዤ ስሄድ ተራ በተራ እየጠራ “እስቲ አስተማሪዬ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?” ይላቸዋል፤ ሲነግሩት “ጎበዝ!” ይላል። እኔን፣ አጠገቡ ተቀምጬ፣ ሰዓት እጄ ላይ አስሬ፣ አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።